ስድስት ክረምት በጎረቤት ሙቀት

የእኛን የልብስ እጥበት ቤት ከጎረቤታችን ዳቦ ቤት የሚለየው አንድ ግድግዳ ነው። የዳቦው ምድጃ በዚያ በኩል ግድግዳውን ተደግፎ የተሠራ ስለሆነ፣ በእኛ በኩል ግድግዳው ቀኑን ሙሉ እንደሞቀ ይውላል። እኔና እናቴ ስድስት ክረምት ሙሉ ገመዳችንን እዚያው ወጥረን የክሊኒኩን አንሶላ አድርቀናል። በየቀኑ ስልሳ አንሶላ ጠዋት እንረከባለን፤ በማግሥቱ ጠዋት ደርቆና ተተኩሶ እናስረክባለን። ክሊኒኩ አንድ ቀን እርጥብ አንሶላ ቢደርሰው ሌላ አጣቢ ይፈልጋል፤ እሱ ከሄደ ደግሞ የእኛ ቤት ሥራ አለው ማለት አይቻልም።

ለጋጋሪው ግን ይህን ነግረናቸው አናውቅም።

ክረምቱ ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው በራቸው ላይ ግንበኛ አየሁ። ምን ሊሠራ እንደመጣ ስጠይቀው፣ “ምድጃው ወደ መንገዱ በኩል ሊዞር ነው” አለኝ።

ገብቼ ለእናቴ ነገርኳት። ካውያዋን አቁማ አየችኝ።

“እና ምን ልትላቸው ነው? ‘ምድጃዎን አያንሱብን፣ እኛ እየሞቅንበት ነው’?”

“አልለምናቸውም። ቤቱም ምድጃውም የሳቸው ነው። ሌላ ማድረቂያ ቦታ እስክናገኝ ትንሽ እንዲታገሱን ልጠይቃቸው ነው።”

“ስድስት ዓመት ሙሉ አፋችሁ የት ነበር ቢሉህስ?”

“እውነታቸውን ነዋ።”

ካውያዋን መልሳ አነሳች። “እንግዲያው ፊትህን ታጠብና ሂድ። ጆሮህ ላይ አረፋ አለ።”

ጋጋሪው እስከ ክንዳቸው ዱቄት ሆነው ሊጥ እየቆረጡ ነበር።

“ጋሼ፣ አንድ ነገር ልነግርዎት ነበር።”

“ተናገር። ሊጡ ወሬ አያወጣም።”

ሳልደብቅ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ግድግዳውን፣ ገመዱን፣ ክሊኒኩን። ሌላ ቦታ እስክናገኝ ትንሽ እንዲታገሱንም ጠየቅኳቸው። እጃቸውን ሳያቆሙ ሰሙኝ።

“እና ስድስት ዓመት በእኔ እንጨት ነው አንሶላ ስታደርቁ የኖራችሁት?”

“አዎ፣ ጋሼ።”

“እኔ ደግሞ ስድስት ዓመት ‘ዳቦዎ አበባ አበባ ይላል’ የሚለኝን ደንበኛ ምን እያልኩ እንደምሸኝ ታውቃለህ? ‘እጄን በደንብ ስለምታጠብ ነው’ እላለሁ።”

መጀመሪያ አልገባኝም። በጣታቸው ወደ ላይ አሳዩኝ። ግድግዳው ከጣሪያው በሚገናኝበት ቦታ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ አለ፤ ከሥሩ የዱቄት ጆንያዎች ተደርድረዋል። የሳሙናችን የአበባ ሽታ በዚያ ገብቶ ዱቄቱ ውስጥ ሲቀመጥ ኖሯል።

“ስንጥቁን ብደፍነውም ሽታው አይቀርልኝም ብዬ ነው ምድጃውንም ዱቄቱንም የማሸሸው” አሉ።

“ታዲያ ለምን አልነገሩንም?”

“ብቻዋን ልጅ ያሳደገች ሴት ዘንድ ሄጄ ‘ሥራሽ ሸተተኝ’ ልበል?”

ሄጄ እናቴን ይዣት መጣሁ። ነገሩን ስትሰማ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

“ያን ሽታ ያለውን ሳሙና የምገዛው እኮ ለእርስዎ ብዬ ነው” አለች። “ሽታ የሌለው ሞልቷል። ከዳቦ ቤት ጎን ሆኜ የቆሻሻ ልብስ ሽታ እንዳልለቅብዎት ብዬ ነው።”

ጋጋሪው ቢላቸውን አስቀምጠው ሳቁ፤ ሳቃቸው ግንበኛውን ከደጅ ጠራው።

“አሁን ይህን ሰው ምን ላድርገው? ከነሲሚንቶው ነው የመጣው።”

“ስንጥቁን ይድፈንልን” አለች እናቴ። “እኔም ከዛሬ ጀምሮ ሳሙናውን እቀይራለሁ።”

“ደንበኞቼ አበባ ማለታቸውን ከተዉ ምድጃው የትም አይሄድም” አሉ። “ደግሞ እኮ ማዞሩ ለእኔም መከራ ነበር።”

ግንበኛው ከሰዓት በፊት ደፍኖ ሄደ። በሁለተኛው ሳምንት ዝናቡ ጀመረ፤ ስለ አበባ ያነሳ ደንበኛ አልነበረም። ስልሳዎቹ አንሶላዎች በየጠዋቱ እንደ ወትሮው ደርቀው ወጡ። እኔ ግን እንደ ወትሮው አላየኋቸውም። አንዱን ከገመድ ባወረድኩ ቁጥር፣ ከግድግዳው ወዲያ እንጨት የሚጨምረው ሰው በዓይኔ ይመጣል።

እናቴ በአፏ ማመስገን አይቀናትም። ቅዳሜ ሲሆን ሄዳ የጋጋሪውን ሽርጦች ሳትጠይቅ ሰብስባ ትመጣለች፤ ሰኞ አጥባና ተኩሳ ትመልሳለች። በመጀመሪያው ሰኞ ጋሼ አንዱን ሽርጥ ዘርግተው ወደ ብርሃኑ አዞሩት።

“እህቴ፣ እንዲህ ከነጣ ሰው ጋጋሪ መሆኔን በምን ያውቃል?”

“በሳቅዎ” አለች እናቴ፣ ወደ ሥራዋ እየተመለሰች። “መንገድ ድረስ ይሰማል።”