በብሪንጋርው የቀሩት ሁለቱ

ብርዱ ሲገባ ብሪንጋርው መንደር ላይ ጭስ የሚታየው ከሁለት ቤት ብቻ ነበር። ሌሎቹን ቤቶች የከተማ ሰዎች ለመዝናኛ ገዝተዋቸው፣ ቅጠል መርገፍ ሲጀምር መጋረጃ ዘግተው ይሄዳሉ። የቀሩት በግ አርቢው ኢድዋልና የሟች ወንድሙ የግዊልም ሚስት፣ ሜይኒር ነበሩ። የእኔ እርሻ ከታች ሸለቆው ውስጥ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ።

ሁለቱ አይነጋገሩም ነበር። ግዊልም የሞተ ጊዜ ኢድዋል፣ “ወንድሜ ቤቴል ጸሎት ቤት፣ ከአባታችን ጎን ይቀበር” አለ። ሜይኒር ደግሞ፣ “ባሌ ዕድሜውን ሙሉ የዘመረው ሲዮን ነው” ብላ እዚያ አስቀበረችው። ሁለቱን ጸሎት ቤቶች የሚለያቸው አንድ መንገድ ነው። ኢድዋል ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ከመንገዱ ማዶ ቀብሩን አየ፤ አልተሻገረም። በኋላ ሰው እያለቀ ሲሄድ ቤቴል ተሸጦ መኖሪያ ቤት ሆነ፣ ሲዮንም ተቆለፈ። ጸሎት ቤቶቹ ቢዘጉም ጠቡ ግን እንዳለ ነበር።

አንድ ክረምት በረዶ ጥሎ መንገዱ ተዘጋ። ሜይኒር ጠዋት በመስኮት ስታይ ከኢድዋል ቤት ጭስ የለም። ‘ግትር ሽማግሌ፣ ብርድ አይነካኝም ሊል ነው’ ብላ ተወችው። እስከ ቀትር ድረስ ግን የኢድዋል ውሻ ጩኸት አላቋረጠም። ምርኩዟን አንስታ በረዶውን እየጣሰች ወጣች።

ኢድዋልን ማድ ቤቱ ወለል ላይ ወድቆ አገኘችው። ዳሌው ተሰብሯል።

“ማነው?” አለ።

“ማን ይሆናል? ሌላ ሰው አለ እንዴ እዚህ አገር?”

እግሯን አይቶ፣ “ጫማሽን አራግፊ። በረዶውን ሁሉ ይዘሽብኝ ገባሽ” አላት።

“ተዘርረህም ታዛለህ?”

ስልክ ደወለችልኝ። በትራክተር በረዶውን እየጠረግሁ እስክደርስ ሊመሽ ምንም አልቀረውም። ስገባ እሳቱ ተቀጣጥሏል፣ ኢድዋል ብርድ ልብስ ተደራርቦለታል፣ እሷም አጠገቡ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ዘቢብ ያለበት ዳቦ ሻይ ውስጥ እየነከረች ታጎርሰዋለች።

“ያን ቀን ለምን አልተሻገርክም?” ስትለው ሰማሁ።

“አልጠራሽኝማ።”

“ግዊልም ሳለ እሑድ እሑድ ምሳዬን ስትጨርስብኝ የኖርከው ማን ጠርቶህ ነው?”

ኢድዋል ሳቀ፤ ዳሌውን ሲያመው ደግሞ ጮኸ። እሷም ሳቀች፣ ከዚያ ፊቷን ወደ እሳቱ አዞረች።

ኢድዋል ወደ ቤቱ አልተመለሰም። ሆስፒታል ከረመና ባሕሩ ዳር ባለው ከተማ የአረጋውያን መጦሪያ ገባ። አስታማሚዎቹ ደግ ናቸው፤ የእኛን ቋንቋ፣ ዌልሽኛን ግን የሚችል የለም። ሜይኒርን ይዣት የሄድኩ ቀን ብቻ አፉ ይፈታል። ስለ በግ፣ ስለ ግዊልም፣ ስለ ሾርባው ጨው ማጣት ያለማቋረጥ ያወራል። ልንሄድ ስንነሳ፣ “ትንሽ ቆዩ እንጂ፤ ምን ያስቸኩላችኋል?” ይላል።

በግልገል መውለጃው ወር፣ እኛ ሳንኖር ሞተ። አጠገቡ የነበረችው አስታማሚ፣ “መጨረሻ ላይ የሆነ ነገር ተናግሮ ነበር፤ አልገባኝም፤ ይቅርታ” አለችን። ሜይኒር፣ “እንዴት ነበር ያለው? ድምፁን ብቻ አስመስይልኝ” ብላ ለመነቻት። ልጅቷ ሞከረች። አንዱም ቃል አልተያዘልንም።

“ከእኛ ጋር እታች ኑሪ” አልኳት ሜይኒርን።

“አንተና ሚስትህ ስትጨቃጨቁ ልሰማ?” ብላ እንቢ አለች።

አሁን በየቀኑ አመሻሽ ላይ ትደውልልኛለች።

“ሄፊን፣ እናንተ ጋ ይዘንባል እንዴ?”

ከመስኮቷ ሆና ሸለቆው ሁሉ ይታያታል፤ መዝነብ አለመዝነቡን ራሷ ማየት ትችላለች። እኔም ተነስቼ በሩን እከፍትና፣ አይቼ እነግራታለሁ።