የድራሆሚራ ቅባት

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ወገቤ ሲያንገበግበኝ ሳቅ የሚባል ነገር ረሳሁ። በመጨረሻ በቼክ አገር፣ በብርኖ ከተማ ያለው ሐኪሜ ለሕመሙም ለድብርቱም ብሎ የካናቢስ መድኃኒት አዘዘልኝና፣ «አንድ ቀን ሲስቁ ማየት እፈልጋለሁ» አለኝ።

የባሌ እህት ድራሆሚራ ይህን ሰምታ ኖሯል፤ እሑድ ምሳ ላይ፣ ዘመድ በተሰበሰበበት፣ ሦስተኛ የፕለም አረቄዋን ጨልጣ ጀመረችኝ።

«በስተርጅና ሐሺሻም ሆንሽ? የወንድሜን ስም አስጠፋሽ! እኔም እኮ ጉልበቴን ያመኛል፤ ግን ዝም ብዬ እችለዋለሁ።»

ዝም ብላ! ይህቺ ሴት ተኝታ እንኳ አፏ አይዘጋም። ወዲያው ቀሚሷን ሰብስባ፣ ከቦርሳዋ ብልቃጥ አውጥታ፣ በአረንጓዴ የአሳማ ስብ ጉልበቷን ታሽ ጀመር።

«ምንድን ነው የምትቀቢው?» አልኳት።

«ከጥንቸሎቼ ቤት ጀርባ የተከልኩትን ቅጠል ነዋ። በስብ አፍልቼ ነው የምሠራው፤ የእናቴ ሙያ ነው።»

«የምን ቅጠል?»

«የካናቢስ!» አለች ደረቷን ነፍታ።

ዘመድ ሁሉ ማንኪያውን አስቀምጦ ወደ እሷ ዞረ። እሷ ሁላችንንም አየችንና፣ «ምን ታፈጣላችሁ? የኔ እኮ ቅባት ነው፤ ሐሺሽ የሚባለው የእሷ ነው!» አለች።

በወሩ ሐኪሙ፣ «እህ፣ መድኃኒቱ አሳቀዎት?» አለኝ።

«መድኃኒቱስ እንቅልፍ ነው የሰጠኝ» አልኩት። «ያሳቀችኝ የባሌ እህት ናት።»