ጋሼና ባሶኑ

«ቆይ፣ ቆይ! ከመጀመሪያው!» አለ የስቱዲዮው ባለሙያ ከመስታወቱ ወዲያ።

ታላቅየው ከጭንቅላቱ በላይ የሚዘልቀውን ረጅም የእንጨት የትንፋሽ መሣሪያ፣ ባሶኑን፣ ጉልበቱ ላይ ደገፍ አድርጎ አፉን በመሐረብ ጠረገ።

«ጋሼ፣ ትንሽ አረፍ በል» አለው ታናሽ ወንድሙ፣ ሳክስፎኒስቱ።

«ባርፍም ያው ነው። ከንፈሬ እምቢ ብሎኛል።»

የሚቀዳው አልበም የታናሽየው ነው። ኦቦን፣ ባሶንን፣ የጃዝ አድማጭ እምብዛም የማያውቃቸውን መሣሪያዎች ከሳክስፎኑ ጋር ሊያናግር ተነስቷል። ሐሳቡ ግን የወንድሙ ነበር። በወጣትነታቸው አንድ ባንድ ውስጥ ሳሉ ጋሼ ጠዋት ማታ የሚያነሳው ይህንኑ ነበር። የባንዱ መሪ «ይሄ ጉማሬ ሲያስነጥሰው የመሰለ ነገር ሰው ያባርርብናል» ብሎ ሲያሰናብተው፣ ታናሽየው ከሌሎቹ ጋር አብሮ ሳቀ። ጋሼም ባሶኑን አልጋ ሥር ከትቶ ፍሪጅ ጠጋኝ ሆነ። የተጠራው አሁን፣ የፊት ጥርሶቹ ከረገፉ በኋላ ነው።

እንደገና ነፋ። ዜማው ወፈር፣ ሻከር ብሎ ወጣ፤ ባለሙያው እጁን ከቁልፎቹ ላይ አንስቶ ፈዝዞ ቀረ። መሀል ላይ ሲደርስ ድምፁ ተሰነጠቀና ባዶ ትንፋሽ ብቻ ሆነ።

«እንደተሰበረ ይግባ!» አለ ባለሙያው። «እስካሁን ከቀዳነው ሁሉ እንዲህ ሆዴን ያባባው የለም።»

ሳክስፎኒስቱም ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። «ይግባ፣ ጋሼ። ሰው ይወደዋል።»

ጋሼ መሣሪያውን መፈታታት ጀመረ። «ስችል ሳቅክብኝ። ሲያቅተኝ ለሰው ልታሰማኝ ነው?»

«እንዳቃተህ ማን ያውቅብሃል?»

«እኔ አውቃለሁ።»

ታናሽየው ይቅርታ ሊል አሰበና ተወው። አሁን ይቅርታ ቢል ቅጂውን የለመነ ይመስልበታል። አልበሙ ያለዚያች ዜማ ምን ያህል እንደሚጎድል ደግሞ ከእሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ወደ መስታወቱ ዞረ።

«አጥፋው።»

«ኧረ ባክህ! ለራስህ እንኳ አንድ ኮፒ ላስቀርልህ?»

ጋሼ ቀና ሳይል የባሶኑን ሣጥን ክዳን ገጠመ።

«ለእኔም አታስቀር» አለ ሳክስፎኒስቱ፤ ቅጂው ከስክሪኑ ላይ እስኪጠፋም ከቆመበት አልተነቃነቀም።