ባትሪዎቹ ወደ ሞጣ ሳይመለሱ

ገብረ ሕይወት ሰኞ ጠዋት ሞተ። መኪናዋ ማክሰኞ ለሁለተኛ ጊዜ ልትሞከር ነበር።

ተስቦ ነው፤ አምስት ቀን አልፈጀበትም። ሰኞውኑ ቀበሩት። ማክሰኞ ሚስቱ ጥሩአየሁ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ዳሱ ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ልቅሶው ጋብ ብሏል። ሴቶቹ ንፍሮ እየዘገኑ ይንሾካሾካሉ። አንዷ የባትሪው አሲድ ነው የበላው ትላለች። ሌላዋ ደግሞ፣ ያቺ መኪና ድሮም ደስ አላለችኝም ትላለች። ጥሩአየሁ ትሰማለች፤ ግን ጆሮዋ የሚፈልገው ሌላ ነው። የወፍጮ ድምፅ። የለም። ጎረቤታቸው ፋንታ ለሟቹ ብሎ ወፍጮውን ለሦስት ቀን ዘግቶታል።

ወፍጮው ካልዞረ ደግሞ ባትሪ አይሞላም።

መኪናዋ አሮጌ ፊያት ሴይቼንቶ ናት። ቤንዚን በኩፖን ከሆነ ወዲህ ጓሮ ቆማ ዶሮ ይታቀፍባት ነበር። አንድ ቀን ገብረ ሕይወት ዶሮዋን ከነእንቁላሏ አወጣና «በባትሪ ትሄዳለች» አለ። ከዚያ በኋላ የቢቸና ሰው ስሙን ረሳው፤ «ባትሪው» ሆኖ ቀረ። ሞተሯን ነቀለ። በቦታው ከተቃጠለ ጀነሬተር የተረፈ ዲናሞ ከካምቢዮው ጋር ገጠመ። ስድስት ባትሪ ሞጣ ካለው ጓደኛው ከነጋዴው ከሳሊህ ተዋሰ፤ የሳሊህ የጭነት መኪናዎች ጎማ አጥተው ቆመዋል። ባትሪዎቹን የሚሞላው በፋንታ ወፍጮ ነው፤ ወፍጮው እህሉን ሲፈጭ አንዲት ትንሽ ዲናሞ በቺንጊያ አብራ ትዞራለች። ጥሩአየሁ ደግሞ ሽቦ ትጠቀልላለች፣ ብሎን ታጠብቃለች። የሱ እጅ የማይገባበት የሷ ይገባል።

በዳግማ ትንሣኤ ሞከሯት። ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ነበር። አንደኛ ማርሽ አስገባና ረገጠ። መኪናዋ ኮሽታ ሳታሰማ ወደ ኋላ ሄደች! ሽንኩርት ሻጯ ጆንያዋን ጥላ ሮጠች። ዲናሞው የሚዞረው በተቃራኒው ነው ለካ። ሰው ሆዱን ይዞ መሬት ላይ ተንከባለለ። ከሁሉ በላይ የሳቀው ግን ገብረ ሕይወት ነው።

«ሄዳለች እኮ» አላት እንባውን እየጠረገ። «ወዴት እንደምትሄድ ነው የቀረን።»

ሽቦውን ሊገለብጥ ጓሮ የወጣ ቀን ትኩሳቱ ጀመረው። ይገልብጠው፣ አይገልብጠው፣ ሳትጠይቀው ቀረች።

አሁን የሟቹ ታላቅ ወንድም አካለ ወልድ ዳሱ መሀል ቆመው ይናገራሉ። ባትሪዎቹ የሰው ናቸው፤ ሐሙስ በሞጣው መኪና ለባለቤታቸው ይላካሉ። የመኪናዋን ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ይወስደዋል። እንዲህ አሉና ተቀመጡ። ሰውም ልክ ነው አለ።

ሐሙስ። ጥሩአየሁ በጣቷ ቆጠረች። ዛሬና ነገ ብቻ ነው ያላት። ጓሮ የምትሄድ መስላ ተነሳች፤ ሐዘንተኛ ለሌላ ነገር አይነሳም። ፋንታን ከዳሱ ጫፍ በዓይኗ ጠራችው።

«ወፍጮውን አስነሳልኝ።»

«ምን ነካሽ? ለገብሬ ብዬ እኮ ነው የዘጋሁት።»

«ለገብሬ ብለህ ክፈተው።»

ፋንታ አያት። ነጠላውን ትከሻው ላይ ጥሎ ወደ ወፍጮው ሄደ።

እኩለ ቀን ላይ ወፍጮው ቱክ ቱክ ማለት ጀመረ። የንፍሮው ሳህን እጅ ላይ ቀረ። ሴቶቹ አፋቸውን ያዙ። አካለ ወልድ፣ ማነው ይሄ ነውረኛ፣ ብለው ተነሱ።

«እኔ ነኝ ጋሼ ያስከፈትኩት። እርስዎ ይቀመጡ» አለች።

ተቀመጡ፤ ደንግጠው ነው እንጂ ወደው አይደለም። እሷ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እያለቀሰች መሰላቸውና አጽናኗት። ልቧ ከወፍጮው ጋር ይመታ ነበር። ስድስቱ ባትሪ ጠብ፣ ጠብ እያለ ሲሞላ ይታያት ነበር። ባሏ በሞተ በማግስቱ እንዲህ መቸኮሏ አሳፈራት፤ ግን ሊለቃት አልቻለም።

ረቡዕ፣ በሠልስቱ፣ ሳሊህ ከሞጣ ደረሰ። አቧራ ለብሷል። እየጮኸ ገብቶ አለቀሰና ከጎኗ ቁጭ አለ።

«አላህ ሶብሩን ይስጥሽ እህቴ» አላት።

አካለ ወልድ ጊዜ አላጠፉም፤ ባትሪዎቹ ነገ ይጫኑልሃል አሉት። ሳሊህ፣ ሟቹ ማክሰኞ ናልኝ ብሎት እንደነበር፣ ጎማ ያለው መኪና ሲፈልግ አንድ ቀን እንደዘገየ ተናገረ። ከዚያ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«መኪናዋ ከሄደች ባትሪዎቹ የጥሩአየሁ ናቸው። ካልሄደች እኔው እጭናቸዋለሁ።»

አካለ ወልድ፣ በሠልስት ቀን መኪና መኪና እንድንጫወት ነው ወይ የምትለን ሲሉ፣ ጥሩአየሁ ቀና አለች።

«ጋሼ፣ የአባታችሁ ለቅሶ ላይ በቅሏቸው ተጭና ወጥታ አልነበር?»

«ወጥታለች።»

«ለገብሬስ ምኑ ይውጣለት?»

አካለ ወልድ መሬቱን በከዘራቸው ጫር ጫር አደረጉት።

«መኪናዋ ትውጣለት» አሉ በመጨረሻ።

ባትሪዎቹን ፋንታና ሳሊህ ተሸክመው መጡ። ጥሩአየሁ በዚያች ቀጭን እጇ አንድ በአንድ አሰረቻቸው። መኪናዋን ገፍተው ደጅ ሲያወጧት ልቅሶው እንደ አዲስ ተነሳ። አልቃሿ ስሙን እየጠራች፣ ፈረሱ ነሽ፣ በቅሎው ነሽ፣ እያለች ኮፈኑን ዳሰሰችው።

ጥሩአየሁ ገባች። ሳሊህ በሌላው በር ገብቶ ከጎኗ ተቀመጠ። አንደኛ ማርሽ አስገባች። ረገጠች።

መኪናዋ ወደ ኋላ ሄደች። ቀጥታ ወደ ዳሱ! ሴቶቹ ንፍሮውን በትነው ሮጡ፤ መኪናዋ ምሰሶው ጋ ስትደርስ ጥሩአየሁ ፍሬን ያዘች።

ሽቦውን አልገለበጠውም ነበር።

አንድ ሰው ፈገግ ያለ መሰለ። ከዚያ አንዷ ሳቋ አመለጣት። ሳሊህ አንገቱን ደፋ፤ በልቡ ባትሪዎቹን ማውረድ ጀምሯል። ጥሩአየሁ ግን መሪውን ይዛ ታስባለች። ዲናሞው ተገልብጦ የሚዞር ከሆነ፣ ፊት ያለው ኋላ ከሆነ፣ እንግዲያ ኋላውስ?

የኋላ ማርሽ አስገባች።

ረገጠች። ሴይቼንቶዋ ወደ ፊት ተነሳች። ድምፅ የለም፤ ጎማው ጠጠሩን ሲረግጥ ብቻ ይሰማል። አካለ ወልድ መንገድ ለቀቁ፤ ፋንታ የግቢውን በር በረገደው። እልል ልትል የነበረችው አንዷ አፏን በእጇ ከደነችው። መኪናዋ ደጁን አልፋ ወደ ወፍጮ ቤቱ መንገድ ወጣች፤ ዳገት ስትጀምር ግን ደከም አለች።

ሳሊህ እንባውም ሳቁም አንድ ላይ ይዞታል። ወንበሩን አየው። ገብረ ሕይወት እግረ ረጅም ስለነበር ወደ ኋላ ገፍቶ እንዳስተካከለው ነው ያለው።

«ወንበሩን ወደ ፊት ሳቢው እንጂ፤ እግርሽ በደንብ አልደረሰም» አላት።

አልሳበችውም። ጫፉ ላይ ቁጭ አለችና አጥብቃ ረገጠች።