የጣሪያ ዘይት

ጣሪያው ተከፈተ! ወይኔ፣ ተከፈተ በቃ! ጨርቁ ዝዝዝ እያለ ወደ ኋላ ታጥፎ ከመቀመጫው ጀርባ ግብት አለ። ፀሐይዋ ብርሃኗን አናታቸው ላይ ዘረገፈችው፣ ሚጢ መቀመጫው ላይ ቆማ እሪ አለች፣ አባቷ ደግሞ፣ ያ ስንት ወር ጥርሱ ያልታየ አባቷ፣ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ጎረቤት ምን መጣ ብሎ በየመስኮቱ ብቅ ብቅ! ይሄን ያስቀደምኩት አስቤበት አይደለም፣ አፌ ላይ መጥቶ አላስቆም ቢለኝ ነው። ደግሞም የቀረው እንደዚህ ደስ አይልም።

ቆይ፣ ከሥሩ ልንገራችሁ።

የሚጢ አባት የትልልቅ ማሽኖች መካኒክ ነው፣ መሬት የሚቆፍረው ኤክስካቫተር ምናምን። ያ ትልቅ የብረት ክንድ የሚነሳው በዘይት ግፊት ነው፣ እሱ ደግሞ የዚያ ዘይት ሐኪም በሉት። ሥራ ቦታ «ጆሮው» ይሉታል። ፓምፑ ሲጮህ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጥና «ሁለተኛው ቱቦ አየር ገብቶበታል» ይላል። ይፈቱታል። ሁለተኛው ቱቦ! ዘንድሮ ወገቡን አሞት አራት ወር ቤት ዋለ፣ አሁን ግን ድኗል፣ ሰኞ ሥራ ይገባል።

ጣሪያው የተከፈተው ቀዩ መኪና ደግሞ የራሱ ነው። ሰው ጥሎት፣ ድመት ወልዳበት ነው ያገኘው። ቁልፉን ስትጫኑት ጣሪያው በዘይት ኃይል ራሱ ይታጠፋል፣ ራሱ ይዘረጋል።

እዚያ ቤት ደግሞ አንድ ሕግ አለ። አባቷ ነጭ ፕላስተር ለጥፎ በማርከር ያልጻፈበትን ጠርሙስ ማንም አይነካም። ዘይት ከትልቁ ጄሪካን ባገኘው ጠርሙስ እየቀዳ ስለሚያስቀምጥ የሱቁን ጽሑፍ ማንም አያነብም፣ የሚነበበው ፕላስተሩ ነው። ሻምፖው ላይ ሳይቀር «የጸጉር» ተብሎ ተጽፏል፣ በእናታችሁ! እናቷ «አንድ ቀን የእኔም ግንባር ላይ ‹ሚስት› ብሎ ይለጥፋል» እያለች ትስቅበታለች።

ጣሪያው መንቀርፈፍ ሲጀምር ዘይት የጨመረው ትንሹ አጎቷ ነው። አውቶቡስ ነጂ ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል፣ ቀልዱ አያልቅም። አባቷ ማጎንበስ ስለማይችል «መደርደሪያው ላይ የጣሪያ የሚለውን አምጣና ሙላ» አለው፣ አምጥቶ ሞላ። በሳምንቱ ጣሪያው መሃል ላይ ቀጥ! እንደሚያዛጋ ጉማሬ አፉን ከፍቶ ቀረ።

ያለፈው ቅዳሜ ሦስቱም ጋራዡ ውስጥ ነበሩ። አባቷ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያዛል፣ ሚጢ እጁ ናት።

«ተጫኚው።»

ተጫነችው።

«ፓምፑ ይጮኻል?»

«ይጮኻል አባዬ።»

«እንግዲያው ፊውዝም ባትሪም አይደለም። ጮሆ ካላነሳ ምንድነው?»

«ዘይቱ!»

«የኔ ጎበዝ!»

«ወንድምዓለም፣» አለ አጎቷ፣ «ይሄ መኪና እኮ እንዳንተ ወገቡን ነው የታመመው።»

«ለፍልፍ አንተ፣ ፒንሳውን አቀብላት።»

ከኋላ የዕቃ ማስቀመጫውን ምንጣፍ ገለጠች። ፓምፑ አጠገብ ዘይት የተንጠባጠበበት ቀለም ተሸብሽቦ፣ ልክ እንደ ወተት ስልባቦት ተነስቷል። አባቷ አየው፣ ፊቱ ጥቁር አለ።

«ሚጢ፣ ከማጠራቀሚያው በመርፌ ትንሽ ቅጂ። ብርጭቆ ውሃም አምጪ።»

ይሄን ሙከራ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያስተማራት እሱ ነው። የጣሪያው ዘይት ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፣ የፍሬን ዘይት ግን ውሃ ውስጥ ይሟሟል። ጠብ አደረገችው። ጥቂቱ ውሃው ላይ ተንሳፎ ቀረ፣ ሌላው ሟሟ፣ ጠፋ።

«የፍሬን ዘይት» አለ አባቷ። «ዘይቱን የሚያሽገውን ጎሚኒ ሁሉ አሳብጦታል።» ከዚያ ወደ ወንድሙ ዞረ። «አንተ ነህ የሞላኸው።»

«እኔ ነኝ። ግን የጣሪያ ይላል፣ ራስህ ነህ የጻፍክበት።»

«እኔ? ሠላሳ ዓመት ሰው እኔን አምኖ የብረት ክንድ ሥር ሲቆም ኖሮ፣ እኔ የፍሬን ዘይት ላይ የጣሪያ ብዬ ልጻፍ? ጠርሙሱ የታል?»

ጠርሙሱ የለም። ፈለጉ፣ የለም።

«ጥፋትህን እኔ ላይ ትለጥፋለህ? ውጣ ከቤቴ! ሁለተኛ እግርህን እንዳላየው!»

አጎቷ ወንድሙ የሚቀልድ መስሎት ትንሽ ጠበቀ። አለመቀለዱ ሲገባው እጁን በጨርቅ ጠራርጎ ጨርቁን በሥርዓት አጥፎ አስቀመጠ። «ደህና ሁኚ ሚጢዬ» አላት። በቃ፣ ቀልድ የለ፣ ምን የለ።

ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ ሚጢ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ጋራዥ ናት። ቱቦዎቹን አጠበች፣ ጎሚኒዎቹን ለወጠች፣ ጥፍሯ ሥር የገባው ጥቁር በምንም አልለቅ አለ። ሐሙስ ቀን ማንቆርቆሪያ ፍለጋ ከመለዋወጫ ጎማው ሥር እጇን ብትሰድ ተንከባሎ የገባ አንድ ጠርሙስ አገኘች።

የሱቁ ጽሑፍ «የፍሬን ዘይት» ይላል። በላዩ ላይ ነጭ ፕላስተር አለ፤ «የጣሪያ» ይላል። ሥሩ የተረፈውን ውሃ ላይ ጠብ ብታደርገው ሟሟ። የፊደል እግር እንደዚህ ‹ጣ› አርዝሞ ወደ ውጭ የሚያጥፍ አባቷ ብቻ ነው፣ ሌላ ሰው እንደዚያ አይጽፍም።

መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ከዚያ ተነስታ ቤቱን ሙሉ እየዞረች ፕላስተር አነበበች። የመስኮት መወልወያው ላይ «ኮምጣጤ» ይላል። የባትሪው አሲድ ላይ «ንጹሕ ውሃ»። ሁለቱም አዲስ ፕላስተር ናቸው፣ የዚህ ወር። ሚጢ ልጣ ጣለቻቸውና ትክክለኛውን ጻፈች፣ የእሱን እጅ እያስመሰለች፣ ረጅም እግር ሳይቀር። ስትጽፍ አፍንጫዋ እየፈሰሰ ማርከሩ ይጨማለቅባታል። ጠርሙሱን ደብተር ቦርሳዋ ውስጥ ደበቀችው።

ዛሬ ጠዋት እንግዲህ ጣሪያው ተከፈተ፣ አባቷ ሳቀ፣ ያልኳችሁ እሱ ነው። ስቆ ስቆ ሲያበቃ «ያ ውሸታም ቢያይ ኖሮ» አለ። በጣም ናፍቆታል፣ ያስታውቃል።

እናቷ ሳሎን ቱታውን እየተኮሰች ታንጎራጉራለች። አራት ወር ሙሉ እንዲህ ደስ ብሏት አታውቅም።

አባቷ ለሰኞ ዕቃውን ማዘጋጀት ጀመረ። አንድ ጠርሙስ አነሳ፣ ፕላስተር ቆረጠ፣ ማርከሩን ከፈተ። ከዚያ እጁ አየር ላይ ቀረ። ጠርሙሱን አየው፣ አሸተተው፣ እንደገና አየው።

«ሚጢ፣ ይሄ የምን ነበር?»

«የ... የፓምፕ ነው አባዬ። አሁን ራስህ ቀዳኸው እኮ።»

«አውቃለሁ!» አለ ቶሎ ብሎ። «ልፈትንሽ ነው።»

ሳቀ። እሷም ሳቀች።

አሁን ክፍሏ በሩን ዘግታ አልጋዋ ላይ ናት። አጎቷ ስልኳ ላይ ጽፎላታል፦ «ተከፈተ አሉ! እልልል! ጠየቀኝ ብለሽ እንዳትነግሪው። ሚጢዬ፣ ያ ጠርሙስ ግን አልተገኘም?» «ተገኝቷል» ብላ ጻፈች፣ አጠፋችው። እንደገና ጻፈች፣ አጠፋችው።

ጠርሙሱን ካሳየች አጎቷ ይመለሳል፣ አባቷ ግን ማሽን አጠገብ አይደርስም፣ ያ ሳቅ አለቀለት። ካላሳየች ደግሞ ሰኞ ሰዎች እሱን አምነው የብረት ክንዱ ሥር ይቆማሉ። ለእናቷ ልትነግር ሁለቴ ሳሎን ገብታ፣ ሁለቴም ያቺን የተተኮሰች ቱታ አይታ ወጥታለች።

ነገ እሑድ ነው። እንግዲህ አንድ ቀን አላት። እኔ እንጃ፣ እኔ አላውቅም። እስቲ በእናታችሁ፣ እናንተ በእሷ ቦታ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?