ለሕፃኑ የከበደው ስም

ላስሚኒ ባሏን የረታችው በገንፎ ነው።

ፕራሙጂ የበኩር ልጁን «ጃጋትናታ»፣ የዓለም ገዥ፣ ብሎ ሲሰይም መንደሩ በሙሉ ከንፈሩን መጠጠ። ለሕፃን የንጉሥ ስም መጫን ልጁን ማድቀቅ እንደሆነ ማን ያጣዋል? እሱ ግን መቼ ሊሰማ! ከአያት ከቅድመ አያቱ ጀምሮ የሰው ሩዝ አጫጅ መሆናቸው ያንገበግበው ስለነበር፣ ስም እንኳ ይኑረን ብሎ ድርቅ አለ።

ልጁ እኩዮቹ ሲሮጡ ቆሞ መሄድ አቃተው። ትኩሳቱ ይሄዳል፣ ይመለሳል። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ያዘዘችለትን ላስሚኒ አንድም ቀን ሳታጓድል አጠጣችው፤ እርድና ዝንጅብልም ጨምቃ ሞከረች። ምግብ ሲያይ ግን ፊቱን ያዞራል። ልጄ ከእጄ ሊያመልጥ ነው እያለች አንጀቷ አረረ።

መንደሩን ሁሉ ያዋለዱትና የሚያሹት አሮጊቷ ምባህ ካሲየም ልጁን ዳብሰው ሲያበቁ፣ የከበደው ስሙ ነውና ይቀየር አሉ። ፕራሙጂ አሻፈረኝ አለ።

አንድ ቀን ከማሳ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ሲመለስ ጎረቤቶቹ ምንጣፍ ላይ ተደርድረው አገኛቸው። መሐላቸው የስም መቀየሪያው ቀይና ነጭ ገንፎ በቅጠል ላይ ቀርቧል። አባትየው አዲሱን ስም በአፉ ካልተናገረ ደግሞ ገንፎው አይቀመስም።

«ማነው የጠራችሁ?»

«እኔ ነኝ» አለች ላስሚኒ።

«ና ቁጭ በል፣ ልጄ» አሉት ምባህ ካሲየም። «ንጉሥ መሆን ካማረህ አንተ ሁን፣ ትከሻ አለህ። ሕፃኑን ግን ተወው።»

ወንዶቹ ሳቃቸውን ዋጡ። ፕራሙጂ ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ሊወጣ ሲል ላስሚኒ ልጁን እንዳዘለች በሩ ላይ ቆመች።

«ማስ» አለችው፣ እንደ ወትሮው ባሏን በአክብሮት ጠርታ፤ «ስሙን ታቅፈህ ልጁን ልትቀብር ነው?»

የልጁን ቀጭን አንገት አየ። ተመልሶ ተቀመጠ።

«ከዛሬ ጀምሮ ልጄ ዋራስ ነው፣ ጤነኛው» አለ። ሁሉም አሚን አሉ።

ላስሚኒ በጣቷ ከቀዩ ገንፎ ልጁን አቀመሰችው። ላሰው። ጣቷን ይዞ ሌላ አስጨመራት፤ ከዚያ ቅጠሉን ከነገንፎው ወደ ራሱ ጎተተ። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ፤ የደስታ ነበር።

ነርሷ ያዳነው መድኃኒቴ ነው ትላለች፣ ምባህ ካሲየም ስሙ ነው ይላሉ። ላስሚኒ ሁለቱንም እሺ ትላለች። አጨዳው ሲደርስ ልጁ በማሳው ድንበር ላይ የሰው ዳክዬ እያባረረ ይሮጥ ነበር። ከኋላው «ዋራስ! ዋራስ!» እያለ ሊይዘው አቅቶት የሚያለከልከው ያ ኩሩ አባቱ ነው።