አምስተኛዋ አሰልጣኝ

ድም… ድም… ድም። ኳሷ የቆርቆሮውን አጥር ስትደበድበው ምሥራቅ ገና መንገድ ላይ ነበረች። ልጆቹ ሳይጠብቋት ጀምረዋል። እርምጃዋን አፈጠነች፤ ቦርሳዋን ግን በሁለት እጇ እንዳቀፈች ነው። ውስጡ የጉዞ ወረቀቷ አለ። ነገ ሲነጋ ከሱዳኗ ገዳሪፍ ወደ ካርቱም፣ ከዚያ በአውሮፕላን ወደ አውስትራልያ። ልጆቹ ሀዋታ ከተማ ሄደው የሚጋጠሙት ደግሞ ከነገ ወዲያ ነው።

"ለማንም ትንፍሽ እንዳትይ" ብሏታል ባሏ ዳምጤ ጠዋት። "ጀማሉን ረሳሽው? በጉዞው ዋዜማ ደግሶ አበላ፤ ከበላተኞቹ አንዱ የስደተኞች ቢሮ ሄዶ ጠቁሞ ፋይሉን አስዘጋበት። ይኸው ሰባት ዓመቱ፣ የሰው ሰሊጥ ያጭዳል።"

የገዳሪፍ ሐበሻ ሕግ ነው፤ ጉዞ የወጣለት ሰው አውቶቡሱ እስኪነሳ አፉን ይሰፋል።

የሐበሾቹ ሙያ ኮሌጅ የሴቶች መረብ ኳስ ቡድንም አሰልጣኞቹን ያጣው በዚሁ ሕግ ነው። ታምሬ መረቡን ከጆንያ ሲባጎ ጎንጉኖ ቡድኑን አቆመ፤ አንድ ቀን ቀረ፣ ደብዳቤው ከካናዳ መጣ። እስማኤል ሁለት ዋንጫ አምጥቶ ጠፋ። ኸይረዲን አንድ ክረምት እንኳ አልደፈነም። አራተኛው ጋረደው ምሥራቅን ራሷን ያሠለጠነ ነው። በፍጻሜው ዕለት ስድስት ልጆች ፀሐይ ላይ ሁለት ሰዓት ቆመው ሲጠብቁት፣ "ታሞ ነው እንጂ አይቀርም" ብላ የማለችላቸው እሷ ነበረች።

"ኮች፣ አረፈድሽ! ቅጣትሽ ሦስት ዙር ነው" አለች አንበሏ ባሕሪያ። ምሥራቅ ሠላሳ ስላልሞላት እንደ እኅት ነው የሚያናግሯት።

"እግሬ አርጅቷል፤ አንች ሩጭልኝ።"

"ወላሂ፣ እኛማ ጠፋች ብለን ነበር" አለች ትህትና እየሳቀች። "የዚህ ቡድን አሰልጣኝ እኮ እንደ ሰሊጥ ነው፤ ደረሰ ስትይው ይረግፋል።"

ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። ባሕሪያ ብቻ አልሳቀችም።

"አፍሽን ያዥ። ኮች ተጥላ ታውቃለች፤ እንዴት እንደሚያም ታውቃለች።"

ምሥራቅ ፊቷን ወደ መረቡ አዞረች። "ወደ ቦታችሁ!" አለች፤ ድምፅዋ ለራሷም የሌላ ሰው መሰላት።

ልምምዱን በዓይኗ ታያለች እንጂ ልቧ የለም። አንድ ሰው በአጥሩ ቀዳዳ ባየ ቁጥር ቦርሳዋን ታጠብቃለች፤ ይሄ ማን ነው? ምን ሰምቶ ነው? ብትናገርስ? ከስድስት ልጅ አንዷ እናቷ ጆሮ ብታደርሰው፣ ነገ ጀማሉ እሷ ናት። ባትናገርስ? ሀዋታ ላይ ስድስት ልጆች ፀሐይ ላይ ይቆማሉ።

ልምምዱ ሲያልቅ የግጥሚያውን ቅጽ አውጥታ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። የተጫዋቾቹን ስም አንድ በአንድ ሞላች። "አሰልጣኝ" የሚለው መስመር ላይ ስትደርስ እስክሪብቶው ቆመ። ከዚያ ጻፈች።

"ባሕሪያ፣ ነይ። ይኼን ለዳኛው ትሰጫለሽ።"

"አንች እያለሽ? እኔ ምን ቤት ነኝ?"

"አንብቢው።"

ባሕሪያ "አሰልጣኝ" ከሚለው ጎን ያለውን ስም ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ የራሷ ነው። ቀና ብላ አየቻት። ምሥራቅ ዓይኗን አልሰበረችም።

"ምንድን ነው እሱ?" አለች ትህትና ከወዲያ።

ባሕሪያ ትህትና እንዳታየው ወረቀቱን በአራት አጥፋ ደረቷ ውስጥ ወሸቀችው፤ ጫማዋን እንኳ ሳትቀይር በበሩ ወጥታ ሄደች።